ፕሮሰሰሩን ያፈጠንንበት የካቲት

መቀሌ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምሬ ወደ ሰቆጣ የተመለስኩት፣ በእኛ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሥራ እስካገኝ ብዬ አጎቴ ፎቶ ቤት ገባሁ፤ ሥራው እዚያው ተገኘና ቀረሁ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በከተማው መታወቂያ ያወጣ፣ የተመረቀ፣ ክርስትና ያስነሳ፣ ያገባ ሁሉ እሳቸው መጋረጃ ፊት ቆሟል። ለሰው ፊት ያላቸው ጥንቃቄ የተለየ ነው። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ፎቶ ከእሳቸው ቤት አይወጣም። ደንበኛው "ይሁን፣ ግድ የለም" ቢል እንኳ "ለአንተ ግድ ባይሰጥህ ለእኔ ይሰጠኛል፤ ቁም!" ብለው እንደገና ያነሱታል።

ቪዲዮ ካሜራ የገዙት እኔ ከመምጣቴ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ኮምፒውተሩን ግን አብረን ነው ያመጣነው። መቀሌ ወርደን ያገለገለ መረጥን፤ አጎቴ ስክሪኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ እኔ ኬዙን፣ ዋናውን ሣጥን፣ በጉልበቶቼ መካከል ይዤ፣ አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ሁለታችንም "እ!" እያልን ሰቆጣ ገባን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። ሰው ሰርጉን በፊልም ማየት ብቻ ሳይሆን ሙሽሪት ከጽጌረዳ ውስጥ ብቅ ስትል፣ ሙሽራው በልብ ቅርጽ ተከቦ ሲዞር ማየት ጀመረ። ከደሃና፣ ከአምደወርቅ ሳይቀር እየመጡ "ያንን አበባ የሚፈነዳውን አድርጉልን" ይሉናል። አበባው የሚፈነዳው በእኔ እጅ ነው። እንዴት እንደምኮራ!

ችግሩ መብራት ነው። በዚያ ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበር። ለእኛ ሰፈር ከቀትር በኋላ ይመጣና ሲመሽ ይሄዳል። ፊልሙን ቆርጠን፣ ቀጥለን፣ ዘፈን ጨምረን ከጨረስን በኋላ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አዋህዶ በሲዲ የሚጫወት አንድ ፊልም ማውጣት አለበት፤ ሬንደር የምንለው ይህንን ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እያደገች ትሄዳለች። ቀኙ ጫፍ ስትደርስ ፊልሙ አለቀ። ግን አትደርስም! አጎቴ ወንበራቸውን ስበው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ መስመሯን እያዩ ይቀመጣሉ። ትንሽ ሲቀራት መብራት ድርግም ይላል። መስመሯም በነጋታው ከዜሮ ትጀምራለች።

ስለዚህ ፊልሙን እየቆራረስን በየቀኑ አንድ ቁራጭ እናወጣለን፤ በመጨረሻ እንገጣጥመዋለን። ለአንድ ሰርግ ግማሽ ሳምንት ያልፋል። መገጣጠሚያው ላይ ደግሞ ድምፁ ከአፉ ይቀድማል፤ ሽማግሌው ምርቃቱን ሳይጀምር "አሜን" ይሰማል። አጎቴ ይህን ሲያዩ ዓይን የተጨፈነበት ፎቶ ያዩ ያህል ፊታቸው ይጠቁራል።

በየካቲት መጀመሪያ አንድ ሙሽራና ሙሽሪት ፎቶ ቤት መጡ። በጥር ሰርጋቸውን የቀረጽንላቸው ናቸው። ሙሽሪት ከሰቆጣ በታች ያለው የቆላው ዝቋላ ልጅ ናት፤ ሰቆጣ ከአጎቷ ጋር ሆና ነው የተማረችው፣ የተዳረችውም ከዚያው ቤት ነው። ሙሽራው አዲስ አበባ ሥራ ስላለው ይዟት ሊሄድ ነው።

"አባቴ ሰርጌን አላየም" አለችን። "በዚያው ሰሞን ወባ ጣለውና ከአልጋ መነሳት አቃተው። አሁን ድኖ፣ እኛን ሊሰናበት እየመጣ ነው። የምንሄደው ሰኞ ጧት ነው። ከመሄዳችን በፊት ፊልሙን አብረን ብናየው።"

"የትኛው ሰኞ?" አሉ አጎቴ።

"የሚቀጥለው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው።"

አጎቴ ወደ እኔ አዩ። ወረፋ የያዙ ሰርጎች ነበሩ። እኔ ግን አፌ ቀድሞኝ "ይደርሳል" አልኩ።

ሲወጡ አጎቴ በሩን ዘጉና "በምን ተአምር ልታደርሺው ነው?" አሉኝ።

"ኮምፒውተሩን እናፈጥነዋለን፣ አጎቴ።"

"እንዴት? በጅራፍ?"

ኮሌጅ ሳለሁ አንድ ክፍል አብራኝ የኖረች ጓደኛ ነበረችኝ፤ መቀሌ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ኦቨርክሎክ የሚባለውን ነገር የሰማሁት ከእሷ ነው። ለአጎቴ እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው፦ ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። ሰርግ ላይ ከበሮ መቺዋ ስታፈጥን ጨፋሪው ይፈጥናል። የኮምፒውተሩን ምት ከፋብሪካ ከተሰጠው ትንሽ ከፍ ካደረግነው ያው ፕሮሰሰር ያንኑ ሥራ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል።

"ጨፋሪው አያልበውም?"

"ያልበዋል። ይሞቃል።"

"ከሞቀስ?"

እዚህ ላይ ጓደኛዬን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ልቤ ቀድሞ ሮጧል። ኮምፒውተሩን አስነስቼ ገና ዊንዶውስ ሳይገባ አንድ ቁልፍ ስጫን ባዮስ የሚባለው ሰማያዊ የማስተካከያ ገጽ ወጣ። የምቱን ቁጥር አገኘሁት። አጎቴ ከትከሻዬ በላይ ተንጠራርተው ያያሉ። ቁጥሩን ደህና አድርጌ ከፍ አደረግሁትና አስቀመጥኩ።

ተነሳ! ዊንዶውስ ከወትሮው ቀድሞ ከፈተ። አንድ ትንሽ የሰርግ ቁራጭ ሰጠሁት። ሰማያዊዋ መስመር ሮጠች፤ እውነቴን ነው፣ በዓይን እየታየች ሮጠች። አጎቴ በእጃቸው ጭናቸውን መቱ። "ኧረ ተይ! ኧረ ተይ!" ይላሉ። እኔም ተነስቼ እየዘለልኩ ነበር።

ከዚያ መስመሯ ቆመች። አይጡ አይንቀሳቀስ፣ ቁልፉ አይሠራ። ኬዙን ብነካው ጎኑ ግሏል። አጥፍቼ ሳስነሳው ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከውስጥ ብቻ "ጢ... ጢ... ጢ..." የሚል ድምፅ።

አጎቴ ጥቁሩን ስክሪን እያዩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዬን አንስቼ ወደ ስልክ ቤት ሮጥኩ።

ጓደኛዬ ነገሩን ሰምታ ሳቀች። እኔ ማልቀስ ዳርዳር ብሎኛል፣ እሷ ትስቃለች።

"ማራገቢያውን፣ ፋኑን አጽድተሽዋል?"

"አይ።"

"ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ቅባት አድሰሽዋል?"

"የምን ቅባት?"

"ታዲያ ውሃ ሳትይዢ ነዋ ተከዜ በረሃ የወረድሽው!" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን አለስልሳ፣ "ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ አልሞተም። ራሱን ለማዳን ነው የቆመው። ከመብራት ንቀይው። ውስጡ ባለው ትልቅ ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ አለች፤ አውጫትና ትንሽ ቆይተሽ መልሻት። የነካካሽውን ሁሉ ይረሳና ወደ ድሮው ይመለሳል። ከዚያ እኔ የምልክልሽ እስኪደርስ አንድ ቁጥር እንዳትነኪ!"

ተመልሼ ባትሪዋን በጥፍሬ ፈልቅቄ አወጣኋት። አጎቴ ባትሪዋን መዳፋቸው ላይ አድርገው "ይቺ ናት ሁሉን የምታስታውሰው?" አሉ። ስመልሳትና ስናስነሳው ስክሪኑ በራ። አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ፤ ለጸሎት ይሁን ለጭፈራ አልለየሁትም።

በተከታዩ ሳምንት አጋማሽ የጓደኛዬ ዕቃ በአውቶቡስ መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ማቀዝቀዣ ነው። ክንፎቹ አሉሚኒየም፣ ሥሩ መዳብ፣ ከላዩ ደግሞ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ፋን አለው። ለኬዙ የሚሆኑ ሌሎች ሁለት ፋኖች፣ በመርፌ አልባ ስሪንጅ የተሞላ ነጭ ቅባት፣ አንድ ሲዲም አብረው ነበሩ። እንደገና ስልክ ቤት ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ አጎቴም አብረውኝ መጡና ጆሯቸውን ከጆሮዬ ጋር አጣብቀው ሰሙ።

"ስሙኝ" አለች ጓደኛዬ። "እናንተ ደጋ ናችሁ። አየራችሁ ቀዝቃዛ ነው፣ ይሄ ይጠቅማችኋል። ግን አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ሙቀት ቶሎ አይሸከምም። ትልቁን ማቀዝቀዣ የላኩት ለዚህ ነው። ቅባቱ ትንሽ ነው የሚፈለገው፣ የምስር ክክ ያህል። ፕሮሰሰሩና ብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ነው እንጂ እንደ ቂጣ ለመቀባት አይደለም። ቮልቴጁን እንዳትነኪ። ምቱን ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ። በየደረጃው በሲዲው ላይ ያለውን ፕሮግራም አሂጂ፤ ፕሮሰሰሩን አስጨንቆ ሒሳብ የሚያሠራ ነው። ከተሳሳተ ይነግርሻል። ሙቀቱንም ጥግ ላይ ያሳይሻል። ስልሳ ከደረሰ ቁሚ።"

አጎቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቁ። "ልጄ፣ እርጥብ ጨርቅ ብናለብሰውስ? ውሃ እንኳ በእርጥብ ጨርቅ ይቀዘቅዛል።"

ከወዲያ በኩል "ኡኡ!" የሚል ጩኸት መጣ፤ አጎቴም ስልኩን ቶሎ መለሱልኝ።

በማግስቱ ጧት፣ መብራት ሳይኖር፣ ኬዙን ከፈትነው። ጉድ! ውስጡ የወፍጮ ቤት ወለል ይመስላል። የሰቆጣ አቧራ በፋኑ ምላስ ላይ፣ በብረቱ ክንፎች መካከል፣ በየሽቦው ሥር ተጋግሯል። አጎቴ የካሜራ ሌንስ የሚያጸዱበትን የጎማ መንፊያና ለስላሳ ብሩሽ አመጡ። እኔ እነፋለሁ፣ እሳቸው ይጠርጋሉ፣ ሁለታችንም እናስነጥሳለን። "ይሄ ምስኪን፣ ጋቢ ለብሶ ነው ለካ እስከ ዛሬ ሲሠራ የኖረው" አሉ።

አሮጌውን ማቀዝቀዣ ሳነሳው ሥሩ ያለው ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ፈረፈረ። በአልኮል ጠርገን ፕሮሰሰሩን አጸዳነው። ያቺ ጥፍር የምታህል ነገር ነች ያን ሁሉ ሰርግ የተሸከመችው! አዲሱን ቅባት ልጨምቅ ስሪንጁን አነሳሁ።

"አምጪ" አሉ አጎቴ። ድሮ ኔጋቲቭ ላይ ያለ ጭረት በቀጭን ብሩሽ ይሸፍኑ ነበር፤ እጃቸው የጸና ነው። የምስር ክክ ያህል መሃሉ ላይ አደረጉ። እኔ ብረቱን ቀጥ አድርጌ ከላይ አስቀመጥኩና ማሰሪያውን በሁለቱም በኩል ጫንኩት። ቀጭ! አለ።

የኬዙን ፋኖች ስንገጥም ተከራከርን። ጓደኛዬ ከፊት የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ብላለች፤ ግን የትኛው ፊቱ ነው የሚያስገባው? ከቀትር በኋላ መብራት ሲመጣ አጎቴ ከተበላሸ ካሴት አንድ ስንዝር ክር ቆርጠው ፋኑ ፊት ያዙት። የፊተኛው ላይ ክሩ ወደ ውጭ ተውለበለበ። "ይሄ እንግዳ እያባረረ ነው፣ አዙሪው!" አሉ። አጥፍተን አዞርነው። አሁን ክሩ ከፊት ተስቦ ገባ፣ ከኋላ ደግሞ እንደ ሰንደቅ ወደ ውጭ ተዘረጋ። የነፋሱን መንገድ የሚዘጉትን ሰፋፊ ሽቦዎች ከሙሽራ መኪና ማስጌጫ በተረፈ ሪባን ጠቅልለን ወደ ጎን አሰርናቸው። ኮምፒውተሩን ራሱንም ከጨለማው የፎቶ ማጠቢያ ክፍል አወጣነው። አየር በሌለበት፣ ጥቁር መጋረጃ በተሸፈነ ክፍል ነበር ያስቀመጥነው። ፀሐይ በማታገኘው መስኮት አጠገብ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። መብራቱ ከፍና ዝቅ እያለ እንዳይጎዳው ስታቢላይዘር በመካከል አደረግን።

በቀድሞው ፍጥነቱ አስነስተን የማስጨነቂያውን ፕሮግራም አሄድን። ሙቀቱ አርባ ላይ ቆመ። አርባ! ከዚያ አንድ ደረጃ ጨመርኩ። ይሠራል። ሌላ ደረጃ፤ ይሠራል። አጎቴ ወንበራቸውን አምጥተው የሙቀቱን ቁጥር እንደ ኳስ ጨዋታ ያስተላልፉ ጀመር።

"አርባ ሦስት! አርባ ሦስት ላይ ነው! ቆመ... አርባ አራት!"

ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። "ቆይ፣ ቆይ፣ ተቀመጥ" ይሉታል ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ሦስት መቶ ሜጋኸርዝ የነበረው ፕሮሰሰር አራት መቶን አለፈ። ሙቀቱ ከሃምሳ በታች ነው። ያንን ትንሽ የሰርግ ቁራጭ እንደገና ሰጠሁት። ሰማያዊዋ መስመር ከዚያች ካበላሸኋት ቀን በላይ ሮጠች፤ ሮጣ፣ ሮጣ፣ ቀኙን ጫፍ ነካች! በፎቶ ቤታችን ታሪክ መብራት እያለ ጫፍ የነካ የመጀመሪያው መስመር ይመስለኝ ነበር። አጎቴን አቀፍኳቸው። ታላቅ ሰው እንደዚያ አይታቀፍም፤ ግን አቀፍኳቸው።

ከዚያ ነው ነገሩ የተገለበጠው። እስከዚያ ቀን ፈሪው አጎቴ፣ ደፋሯ እኔ ነበርኩ። አሁን አጎቴ የፍጥነት ጣዕም ቀመሱ።

"ጨምሪ" አሉ።

"ይበቃል፣ አጎቴ።"

"ሃምሳ አልደረሰም እኮ! ስልሳ ብላ የለ? ጨምሪ!"

አንድ ደረጃ ጨመርኩ። ሠራ። "ጨምሪ!" ሌላ ጨመርኩ። ሙቀቱ አሁንም ከስልሳ በታች ነው፤ የማስጨነቂያው ፕሮግራም ግን ትንሽ ሄዶ ቆመና ሒሳቡ ተሳስቷል የሚል ጽሑፍ አወጣ።

"እሽ፣ እንመለስ" አልኩ።

"ለምን? አልጠፋ፣ አልሞቀ። አንድ ጊዜ ቢሳሳት ምን አለበት? እኔስ አልሳሳትም?"

"ሙቀቱ ብቻ አይደለም አጎቴ። አቅሙም ዳርቻ አለው። ከዚያ ካለፈ ቆጠራውን ይስታል።"

"ጠርጣራ ነሽ። ፊልሙን ስጪውና እንየው።"

ብከራከር እንደማይሰሙኝ ስላወቅሁ ከዚያችው የዝቋላ ልጅ ሰርግ ትንሽ ቁራጭ ሰጠሁት። መስመሯ እንደ መብረቅ አለፈች። አጎቴ "አላልኩሽም!" ብለው ተነሱ። ፊልሙን ከፈትኩት። ሙሽሪት ከቤት ትወጣለች፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ መሸፈኛዋ ይገለጣል፤ ልክ ፊቷ ሲታይ ግማሽ ፊቷ ወደ አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ተበታተነ። አንዱ ዓይኗ አገጯ ላይ ሄዶ ተለጠፈ።

አጎቴ በቁማቸው ደርቀው ቀሩ።

"መልሺ!" አሉ። "መልሺ! መልሺ! የሰው ልጅ ፊት!"

መለስኩት። ሒሳብ ከሳተበት ደረጃ በታች ስሕተት የሌለበትን አገኘሁ፤ ከዚያም ለጥንቃቄ አንድ ደረጃ ተጨማሪ ወረድኩ። ጥጋብ እዚያ አበቃ። ዓርብ ከሰዓት ሙሉ አስጨነቅነው፤ አንድም አልተሳሳተ፣ ከሃምሳም አላለፈ። አጎቴ በዚያች ቁጥር ላይ ጣታቸውን አድርገው "ከዚህ ንቅንቅ የለም" ብለው ፈረዱ።

ፊልሙን ቅዳሜ ልናወጣው ነበር። ቅዳሜ መብራት ጭራሽ ሳይመጣ ዋለ። ሙሽሪት በር ላይ መጥታ "አባቴ ገብቷል" አለችን። ዓይኔን ከእሷ አሸሸሁ። አንድ ቀን ብቻ ቀረን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፎቶ ቤት ገብተን ጠበቅን። ቀትር አለፈ። አጎቴ አምፖሉን አፍጥጠው ያያሉ። እኔ ወደ መንገዱ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ከዚያ ከጎረቤት ቡና ቤት ቴፑ ድንገት መጮህ ጀመረ፤ መብራት መጥቷል ማለት ነው! ኮምፒውተሩን ሮጬ አስነሳሁ። ሙሉውን ፊልም፣ ከሽምግልናው እስከ መልሱ፣ ሳልቆርጥ ሰጠሁት።

ሰማያዊዋ መስመር መሄድ ጀመረች። ፋኖቹ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማሉ። አጎቴ "አርባ ሰባት" ይላሉ፤ ቆይተው "አርባ ስምንት።" መስኮቱን ከፈትነው፤ የየካቲት ነፋስ ገባ፤ "አርባ ሰባት!" አሉ በደስታ። ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ መስመሯ ከግማሽ በላይ አልፋለች። ድሮ በዚህ ሰዓት ግማሹን እንኳ አትነካም ነበር።

ሙሽሮቹ አባትየውን ይዘው መጡ። ረጅም፣ የበሽታው ድካም ገና ያልለቀቃቸው፣ ጋቢያቸውን አጥብቀው የያዙ ሰው ናቸው። አማርኛው ብዙም አይቀናቸውም፤ ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በአገው ቋንቋቸው፣ በኽምጣና ነው። አጎቴ ብድግ ብለው የራሳቸውን ወንበር ሰጧቸው።

"አልደረሰም?" አሉ አባትየው።

"እየደረሰ ነው፣ አባቴ። ይቺ መስመር እዚህ ስትደርስ" አልኳቸው በጣቴ እያሳየሁ።

ስለዚህ አምስታችንም ተቀምጠን መስመር አየን። መጨረሻዋ ላይ ስትቃረብ አምፖሉ አንዴ ፈዘዘ፤ ሙሽሪት "ወይኔ!" አለች፤ ስታቢላይዘሩ ቀጭ ብሎ ኮምፒውተሩን ደገፈው። መስመሯ ጫፍ ነካች።

ቁራጭ የለ፣ መገጣጠሚያ የለ። መጀመሪያ ለእነሱ የሚሄደውን ሲዲ ጻፍን፤ ከዚያ ፊልሙን ከፈትነው። ሽማግሌው መረቀ፣ "አሜን"ም ከምርቃቱ በኋላ መጣ። አባትየው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ልጃቸው ከቤት ወጥታ በእሳቸው ቦታ የቆሙትን የአጎቷን ጉልበት ስትስም ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አነሱ። ሙሽሪት ከጎናቸው ቁጢጥ ብላ እጃቸውን ያዘች። ቀጥሎ በኽምጣና የሆነ ነገር ጠየቋት፤ እሷም እንባዋ ሳይደርቅ በሳቅ ፈነዳች።

"ምን አሉ?" አሉ አጎቴ።

"በቅሎዬ የት አለች፣ ነው የሚለው። ለእኔ ብሎ ከዝቋላ የላካት በቅሎ።"

አጎቴ ደረታቸውን ነፉ። "ቆይ ይታያል! በደንብ ነው የቀረጽኳት!" በቅሎዋ በቀይ ጥልፍ ተሸልማ፣ ሙሽሪትን ተሸክማ ብቅ ስትል አባትየው "እሷ ናት!" ብለው በአማርኛ ጮኹ። "ተመልከቱ አረማመዷን!"

ፊልሙ ሲያልቅ "በቅሎዋን ድገሙልኝ" አሉ። ስንደግመው መሃሉ ላይ መብራት ሄደ። ሁላችንም ሳቅን። አባትየው "ግድ የለም፣ አይቻለሁ" አሉ። በጨለማው ውስጥ ጎንበስ ብለው መረቁን፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በራሳቸው ቋንቋ። ሁሉንም አሜን አልን።

ሰኞ ጧት ሙሽሮቹ ሲዲያቸውን ይዘው ተሳፈሩ። ወረፋ የያዙት ሰርጎች ሁሉ ጾም ሳይገባ አለቁ። ያ ኮምፒውተር በዚያችው ፍጥነት ለዓመታት ሠርቷል። በየወሩ አቧራውን እናራግፋለን፣ በየዓመቱ ቅባቱን እንቀይራለን፤ አንድ ጊዜ ፋኑ አርጅቶ ተቀየረ እንጂ ፕሮሰሰሩ ራሱ ምንም አልሆነ።

ሙሽሮቹ በሄዱበት ቀን ከአጎቴ ጋር ጓደኛዬን ልናመሰግን ስልክ ቤት ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ አጎቴ ስልኩን አልለቅም አሉ፤ መስመሩ ስለሚቆራረጥም ይጮሃሉ።

"አርባ ስምንት ነበር! አዎ፣ አርባ ስምንት! ቀኑን ሙሉ! መስኮት ስንከፍትለት ትንሽ ወረደለት! ሃምሳ አልደረሰም፣ ተመስገን! አሁን በደንብ ይተነፍሳል!"

ከኋላችን የቆሙ አንዲት እናት ጠጋ ብለው ትከሻቸውን ዳበሱ። "እግዜር ይማርልህ ልጄ" አሉ። "ማን ነው የታመመብህ?"

አጎቴ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው "አሜን፣ እናቴ፣ አሁንስ ድኗል" አሉና ወደ ጩኸታቸው ተመለሱ።